እባክህ መብራቱን አትልቀቅ

ለመብራት ሠራተኛ ደውላችሁ «እባክህ መብራቱን አትልቀቅ» ብላችሁ ለምናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለምኛለሁ። ጫጫ ላይ፣ ከአንድ ሚኒባስ ጀርባ ተጠግቼ፣ አንድ ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ። የሰፈሬ ሰው ሁሉ «መብራት መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ በሚጨቀጭቅበት ሰዓት አንድ እኔ ብቻ እንዳይመጣ ስለት ተሳልኩ። ነገሩ ሲጀመር ያስቃል። ሲያልቅ ግን እኔ እስካሁን አልሳቅኩበትም።

ያኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ያላገባሁ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ጠባይ ያወጣል። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ሳያገላብጥ አያምንም፤ መሳቢያ ቆልፎ አሥር እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይነቀንቀዋል። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላም የቤታችን ክብር አልጎደለም። የሰፈር ባልና ሚስት ሲጣላ እማዬ ፊት ነበር የሚቀርበው። እሷ የተናገረችውን የሚመልስ አልነበረም።

ከዚያ መርሳት ጀመራት። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ ምድጃ ላይ የጣደችውን። አንድ እሑድ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ቅዳሴ መሃል ገባች። ሴቶቹ ነጠላ ጣል አድርገውባት ደግፈው አመጡልኝ። ከኋላቸው ግን ጎረምሶች ሲሳሳቁ ሰማሁ። ያን ቀን ከእንግዲህ ሰው እንዲህ ሆና አያያትም ብዬ ማልኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «አንኮበር፣ እህቷ ዘንድ ሄዳ ጸበል ገብታለች» እያልኩ መለስኩ። ሥራ ስሄድ በሩን በጓጉንቸር እቆልፍባታለሁ፤ ለምሳ እየበረርኩ መጥቼ አበላታለሁ፤ ደግሞ ቆልፌባት እመለሳለሁ። እንዲህ እያልኩ ሰባት ወር ኖርኩ። ለእሷ ብዬ የማደርገው ይመስለኝ ነበር።

እሳት ስላስቸገረን ከሰሉንም ቡታጋዙንም ከቤት አስወጣሁ። ክብሪት በኪሴ ይዤ መዞር ጀመርኩ። እማዬ ግን ሁሉን ረስታ ፈንዲሻ አልረሳችም፤ ጠዋት ማታ «ፈንዲሻ አፈንዳልኝ» ነው። አዲስ አበባ ለሥራ በሄድኩበት አንድ ሱቅ ውስጥ የኤሌክትሪክ የፈንዲሻ ማሽን አየሁ። ዘይት የለው፣ እሳት የለው። በቆሎውን ከላይ ትጨምራላችሁ፣ ማብሪያውን ትጫናላችሁ፣ በትኩስ አየር እያንገዋለለ ያፈነዳዋል። «ይሄ ለልጅም አያሰጋም» አለኝ ሻጩ። ቤት አምጥቼ መጀመሪያ የሠራሁ ዕለት እማዬ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ፈንዲሻው በአፉ እየዘለለ ሳፋው ውስጥ መውረድ ሲጀምር እጇን ወደ አፏ ወስዳ «እልልልል!» አለች። ከስንት ወር ዝምታ በኋላ ነው። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ማሽኑ ቤተሰብ ሆነ። እኛ ቤት ዕቃ ራቁቱን አያድርም፤ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ለባሽ ናቸው። እማዬ ከቴሌቪዥኑ ላይ አንዱን ዳንቴል አንስታ ለማሽኑ አለበሰችው። እኔም ሌላ ጥቅም አገኘሁበት። ስወጣ ሳፋ ሙሉ ፈንዲሻ ፊቷ አስቀምጬ «ያልፈነዳውን ለቅመሽ ለይልኝ» እላታለሁ። ምስር እንደምትለቅም አቀርቅራ ግማሽ ቀን ትለቅማለች።

ያ ቅዳሜ መጣ። የባልደረባችን አባት አርፎ ቀብሩ ከጫጫ ወጣ ብላ ባለች ገጠር ነበር። ለቅሶ ደግሞ አይቀርም፤ ከሰው ለቅሶ የቀረ በራሱ ለቅሶ ሰው አያገኝም። መሥሪያ ቤቱ ሚኒባስ ተከራይቶ ከየሰፈራችን ሊለቅመን ሆነ። እኔ በር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል ተባለ። ቀደም ብዬ ተነስቼ ማሽኑን አበራሁ። አንድ ሁለት ፍሬ ጧ ጧ እንዳለ መብራቱ ድርግም አለ።

ማብሪያውን ተጫንኩት። ዝም። ደግሜ ተጫንኩት። ሶኬቱን ነካካሁ፣ ገመዱን ወዘወዝኩ፣ እንደገና ተጫንኩት። መብራት ሲሄድ እጃችን አያርፍም፤ መሄዱን እያወቅን ማብሪያውን እንቆጣዋለን። ስንት ጊዜ እንደተጫንኩት አላውቅም።

«ለምን ዝም አለ?» አለች እማዬ።

«መብራት ሄዶ ነው።»

«ይመጣል?»

«ይመጣል እማዬ። ቁጭ ብለሽ ጠብቂው።»

«እስኪመጣ ብርድ እንዳይመታው አልብሰው» ብላ ዳንቴሉን አቀበለችኝ።

ውጭ ክላክስ ተነፋ። ደንገጥ አልኩ። ሾፌሩ ወርዶ ካንኳኳና እማዬ «ማነው?» ካለች የሰባት ወር ውሸቴ አለቀለት። ዳንቴሉን ማሽኑ ላይ ጣል አደረግኩ፣ ዳቦና ውኃ አጠገቧ አስቀመጥኩ፣ ወጣሁ። ጓጉንቸሩን ቆለፍኩ። አሥር እርምጃ ሄጄ ተመለስኩና ነቀነቅኩት። ጠብቋል።

ሚኒባሱ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ አለቃችን አቶ ደምሴ ከፊት ዞሩ። «መላኩ፣ እናትህ እንዴት ናቸው? ጸበሉ በጃቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ተሽሏታል። በየቀኑ ትጠመቃለች።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ለፍልሰታ ሳይሆን አይቀርም።»

ውሸት አንዴ ከለመደ ቀን እየቆረጠ ይሰጣል። አጠገቤ የተቀመጠችው እትዬ የሺ ናት፤ የቢሮአችን የጽዳት ሠራተኛ፣ አፏ የማይታለፍ ሴት፣ አቶ ደምሴ ራሳቸው የሚፈሯት። «አንኮበር አሁን ብርዱ ያጥንት ነው። ጋቢ ልከህላቸዋል?» አለችኝ። «ልኬያለሁ» አልኳት። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

ግን አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ኪሴን ዳበስኩ፤ ቁልፉ አለ። ክብሪቱ አለ። ዳቦ ሰጥቻታለሁ፣ ውኃ ሰጥቻታለሁ፣ በሩን ነቅንቄዋለሁ። እግሬ ያለፈቃዴ ይንቀጠቀጣል።

«አንተ ሰው፣ ወንበሩን ልትነቅለው ነው እንዴ?» አለች እትዬ የሺ።

ጫጫ ስንደርስ ጧፍ ለመግዛት ቆምን። ከመንገዱ ማዶ አንድ ፀጉር ቤት አለ። ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ድንገት ከውስጥ ዘፈን አምባረቀ። ትንሽ ቆይቶ ወፍጮ ቤቱ አጓራ። ፀጉር ቆራጩ «መጣ! መጣ!» እያለ እየሮጠ ገባ፤ መቁረጫውን እንደተሰካ ትቶት ኖሮ ወንበሩ ላይ ለብቻው እየተንዘረዘረ ነበር።

አየሁት። ያኔ ትዝ አለኝ። ማሽኑን ከሶኬት አልነቀልኩትም። ማብሪያው በርቶ ይሁን ጠፍቶ አላውቅም፤ ስንት ጊዜ እንደተጫንኩት ቆጥሬ አልያዝኩም። አናቱ ላይ ዳንቴል አልብሼዋለሁ። ትኩስ አየር የሚተፋበትን አፉን በክር ደፍኜዋለሁ። መብራት ሲመጣ ያ ዳንቴል ይነዳል፤ ከሥሩ የጠረጴዛው ላስቲክ አለ፣ ከጎኑ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ቀጥሎ አልጋው። እማዬ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እየጠበቀችው ነው። ቁጭ ብለሽ ጠብቂው ያልኳት እኔ ነኝ። በሩም ተቆልፏል።

ከሚኒባሱ ጀርባ ዞሬ ስልኬን አወጣሁ። ከሰፈሬ የአንድ ሰው ቁጥር ብቻ ነበረኝ፤ አጥር የምንጋራት የእትዬ ጥሩነሽ። ሰባት ወር ሙሉ ሰው ስሸሽ ሌላ ቁጥር ከየት ይመጣል? ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ከዚያ ጌታነህ ትዝ አለኝ። አብሮኝ የተማረ የመብራት መስመር ሠራተኛ ነው። በአንድ ጥሪ አነሳው።

«ጌታነህ፣ እኛ ሰፈር መብራት መጥቷል?»

«አልመጣም። እናንተው ሰፈር ትራንስፎርመሩ ሥር ነው ያለሁት። ፊውዝ እየቀየርን ነው፤ አሥር ደቂቃ ታገሱና እንለቅላችኋለን።»

«አትልቀቁ!»

«ምን?»

«እባክህ መብራቱን አትልቀቅ። በማርያም!»

ከልቡ ሳቀ። «ስማ፣ እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ አትልቀቁ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እዚህ ቆሞ ሊበላኝ ነው፣ አንተ ደግሞ...»

«እናቴ ቤት ውስጥ ናት።»

«አንኮበር አይደለችም እንዴ?»

«ቤት ውስጥ ናት። ቆልፌባት ነው የወጣሁት። ማሽን ሶኬት ላይ ረስቻለሁ፣ ጨርቅ ለብሷል። መብራት ከመጣ ቤቱ ይቃጠላል።»

ሳቁ ተቆረጠ። «ቁልፉስ?»

«እኔ ጋ ነው። ጫጫ ነኝ።»

«እንግዲያው እንስበረው። ከዚህ ስንት እርምጃ ነው?»

አንባቢዎቼ፣ ዋሽቼ ልጨርሰው እችል ነበር። «ስበሩት አልኩት» ብዬ ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? ግን ያልኩት እንዲህ ነው። «አይ፣ አትስበሩ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ያዝልኝ፣ መጣሁ። ደግሞ ለማንም እንዳትናገር።»

«ለባልደረባዬም?»

«ለማንም! አደራ።»

ያን ጊዜ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣው እሳቱ አልነበረም። በሩ ተሰብሮ፣ እማዬ ፀጉሯ ተንጨብርሮ፣ በዚያ በቆሸሸ ሹራቧ የሰፈሩ ሰው ፊት ስትቆም ነው የታየኝ። ልብሷን ከቀየርኩላት አራት ቀን ሆኖ ነበር።

ዞር ስል እትዬ የሺ ጧፉን እንደያዘች ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ማን ናት የተቆለፈባት?»

«እትዬ የሺ፣ ነገሩ...»

«እናትህ ናቸው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እና አትስበሩ የምትለው ለበሩ አዝነህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልጠበቀችም። ወደ ሚኒባሱ ዞራ «ግቡ! ሁላችሁም ግቡ! እንመለሳለን!» ብላ ጮኸች።

«ቀብሩስ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«የሞተው ሁለተኛ አይሞትም፣ ይጠብቀናል። የመላኩ እናት ቤት ተቆልፎባቸዋል፣ እሳት ሊነሳባቸው ነው!»

«አንኮበር አይደሉም እንዴ?»

«አይደሉም» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳን በደንብ አልተሰማኝም።

ሾፌሩ መኪናውን እያዞረ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጌታነህ ነው፤ ያለከልካል።

«መላኩ! ተለቀቀ!»

«ምን?»

«ቤታችሁን በአጥሩ ቀዳዳ ልይልህ ብዬ ራቅ ስል ባልደረባዬ ሥራውን ጨርሶ ለቀቀው! አልነገርኩትም፣ አትንገር ስላልከኝ! አሁን በራችሁ ላይ ነኝ። ጭስ ይሸታል።»

«ስበረው!» ጮኽኩ። «ስበረው! ሰው ጥራ! ለሁሉም ንገር! እናቴ ውስጥ ናት በል!»

ከስልኩ ውስጥ የቆርቆሮ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የሴት ጩኸት፣ ከዚያ ተቋረጠ።

ከጫጫ ደብረ ብርሃን ድረስ ያለውን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን አላልቅ አለ። ቅዳሜ ነውና እህል የተጫኑ አህዮች አስፋልቱን ይዘዋል። ሾፌሩ ክላክሱን አይለቅም፤ አህያ ደግሞ ክላክስ አይገባውም። እደውላለሁ፤ ይጠራል፤ አይነሳም። እንደገና እደውላለሁ። ኋላ ላይ እትዬ የሺ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ራሷ መደወል ቀጠለች፣ በሌላ እጇ ጉልበቴን ይዛ። ውስጤ ሒሳብ ይሠራል። ዳንቴል ለመንደድ ስንት ይፈጃል? መጋረጃስ? እማዬ ጭስ ስታይ ትነሳለች ወይስ «ቁጭ ብለሽ ጠብቂው» ያልኳትን ይዛ ትቀመጣለች? የነገርኳትን ሁሉ የምትረሳ ሴት ይቺን ብቻ ባትረሳስ?

አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። አንዴ ብቻ ተናገሩ። «ለምን አልነገርከንም፣ መላኩ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነው።

ሰፈራችን ስንደርስ መንገዱ በሰውና በባጃጅ ተዘግቷል። ከሚኒባሱ ሳይቆም ዘለልኩ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቤታችን በር በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል፤ ጓጉንቸሩ ግን እንደተቆለፈ ነው፣ ከእንጨቱ ጋር ተገንጥሎ መሬት ላይ ወድቋል። ግድግዳው ጠቁሯል። ግቢው መሃል ማሽኑ እንደ ሻማ ቀልጦ ተወርውሯል። የተቃጠለው ፈንዲሻ ጭቃው ላይ ተበትኗል። ጌታነህ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆሟል። እማዬ የለችም።

«የት ናት? የት ናት?»

ጌታነህ አፉን ሊከፍት ሲል ሳል ያዘው፤ በእጁ ወደ አጥሩ ማዶ አመለከተኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ወጥቷል። እማዬ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች። ቅንድቧ ላይ ጥላሸት አለ። ሴቶች ከበዋታል፤ አንዷ እግሯን በሞቀ ውኃ ታጥባታለች፣ አንዷ ፀጉሯን ታበጥራለች። አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ ለሰባት ወር የፈራሁት ሰው ሁሉ እዚያ ነበር፤ እጅጌውን ሰብስቦ ሊያገለግላት።

እግሯ ሥር ወደቅኩ። «እማዬ! እማዬ!»

አየችኝ። በትሕትና፣ እንግዳ ሰው እንደሚታይ ነው ያየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ።

«የኔ ጌታ፣ ሰው ትመስላለህና ልንገርህ። እኔ ቤት አንድ ሰውዬ አለ። ቆልፎብኝ ነው የሚሄደው። ስጮህ አይሰማኝም። ተመልሶ እንዳይመጣ ንገርልኝ።»

እጇን ያዝኩ። አልነጠቀችኝም። «እነግረዋለሁ» አልኳት። «ሁለተኛ አይመጣም።»

«እግዜር ይስጥህ» አለችና መረቀችኝ። ዕድሜና ጤና፣ ለማኝ የማያፍርበት ደጅ፣ ብዙ ነገር መረቀችኝ። ቆልፎባት የሄደውን ሰውዬ ነው የመረቀችው፤ አላወቀችም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ መጣች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለነበረች ነው ስልኳን የዘጋችው፤ ስትመለስ ጌታነህ በሩን በትከሻው ሲገፋ አገኘችው፤ መጥረቢያ ያቀበለችው እሷ ናት። ጎኔ ቁጭ አለች። ቀጥላ «ለካ አንኮበር ቅርብ ኖሯል፣ መላኩ። ድምጿ እኮ በአጥሩ ይሰማኝ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተ ደብቀህ እኔ እንዴት ልግለጥ? ይሉኝታ ያዘኝ።» አይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሁለታችንም ልናቃጥላት ነበር።»

አሁን በሩ ተሠርቷል። አናጺው «ጓጉንቸር ማንጠልጠያ ላድርግበት?» ሲለኝ አታድርግ አልኩት። እማዬ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቀን ቀን እትዬ ጥሩነሽ ዘንድ ትውላለች፤ ዓርብ የሰፈሩ ሴቶች ይቀባበሏታል፤ እኔም ቅዳሜና እሑድን አልንቀሳቀስም። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ሁለት ጊዜ ጠፍታ አንዴ መናኸሪያ ተገኝታለች፤ እዚያም የሳቀባት አልጠፋም። አመመኝ። ግን የማያውቃት ሰው ሲስቅባት የሚያውቋት ይዘዋት መጡ፤ በመንገዳቸው ሁሉ ደግሞ በስሟ ይጠሯታል። እኔ ቆልፌባት ሳለሁ በስሟ የሚጠራት አልነበረም።

ብዙዎቻችሁ ይህን ስታነቡ «ሶኬት ንቀሉ» የምል መስሏችኋል። እሱንም ንቀሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቃችሁ። እናንተስ ቤት «አንኮበር ነው» የምትሉት ሰው አለ? እዚያው ጓዳ ሆኖ፣ ለጠያቂ ግን ሩቅ አገር የላካችሁት? ክብሩን እየጠበቃችሁለት መስሏችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ሄዳችሁ ለአንድ ጎረቤት ንገሩ። ያፍራል የምትሉት ሰው አያፍርም፤ የምታፍሩት እናንተ ናችሁ፣ እፍረቱም በሁለት ቀን ይለቃችኋል።

እማዬ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ደግ ሰው መሆኔን ግን ታውቃለች። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስገባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትልና «ያ ሰውዬ መጣ?» ትለኛለች።

«አልመጣም» እላታለሁ።

ከዚያ ዞር ብዬ በሩን አየዋለሁ።